ከሆሳዕና በፊት ትምጣ

ባለፈው ማክሰኞ ባንቺአየሁ አንድ ቅርጫት ደረቅ ጌሾ ተሸክማ ዓባይ ማዶ ድረስ መጣችብኝ። በሩን ስከፍተው ከእሷ በፊት የጌሾው ሽታ ገባ። እኔ ጠላ መጥመቅ ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጋኑን የሚያጥነውም የለ። ሽታው ግን የዘጌ ሽታ ነው። ዘጌ ለኔ የእንቁራሪት አገር ናት፤ እንቁራሪቱ ያረጋልን ያመጣብኛል፣ ያረጋል አባን ያመጣብኛል፣ እንዲህ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ቤቴን ይሞሉታል። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዓይኑም ይከዳዋል፣ አፍንጫው ግን የት አባቱ ይሄዳል። የትናንት ምሳዬን የረሳሁ ሴት የዚያን ደን ሽታ ከነእርጥበቱ አስታውሳለሁ።

ባንቺአየሁ የያረጋል ታናሽ እኅት ናት። ያረጋል ደግሞ አብሮኝ የተማረ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ባዮሎጂ ሲያስተምር አብሮኝ ያረጀ፣ በየበዓሉ ቤቴ መጥቶ የሚበላ የሚጠጣ ሰው ነው። አሞታል ሲባል ሰምቼ ልጠይቀው ቀን ስቆርጥ፣ ዝናቡንም ጉልበቴንም እያመካኘሁ ዘግይቼ ነበር። ባንቺአየሁ ጥላዋን ከበሩ ኋላ አቁማ ተቀመጠች፤ ውሃም አልፈለገች።

«እትዬ ፈለቀች፣ ያረጋል ብሶበታል» አለችኝ። «ወደ አባ ቤት ውሰዱኝ ብሎ ዘጌ ወስደነዋል። ሐኪሞቹም ቤቱ ይሻለዋል ብለዋል። ቄሱ ሊያናዝዙት ቢመጡ ቆዩኝ ይላቸዋል። መጀመሪያ ፈለቀች ትምጣ ነው የሚለው። ምን እንደሚፈልግሽ አልነገረንም። ብቻ እባክሽ፣ እንደ አባ ጊዜ እምቢ እንዳትይ።»

«እንደ ማን ጊዜ?»

«እንደ አባ ጊዜ። ያኔ ሲልኩብሽ እምቢ አልሽ አይደል? እኛ አልተቀየምንሽም፤ የሆድሽን አንቺ ታውቂያለሽ ብለን ነው የተውነው።»

የተሳሳተች መሰለኝ። «ባንቺ፣ አባ መቼ ነው የላኩብኝ? በማንስ ነው የላኩብኝ?» አልኋት።

እንደ ጃጀች አሮጊት አየችኝና «በያረጋል ነዋ» አለች።

እንግዲህ ይህን የሚያነብ ሰው አባ ማን እንደ ነበሩ፣ የሳቸው መላክ ለኔ ምን ማለት እንደ ነበረ ካላወቀ፣ ያን ጊዜ ወንበሬ ላይ ለምን ደርቄ እንደ ቀረሁ አይገባውም። ስለዚህ ወደ ኋላ ልመለስ ነው። ባንቺአየሁ እዚያው ትቀመጥ፤ እመለስባታለሁ።

ያኔ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን አልጠራውም፣ በማን ዘመን እንደ ነበረም አልናገርም፤ እኔና ያረጋል የምንሠራበት ቤተ ሙከራ መብራት እንደ ሆነ በሁሉም ዘመን ይጠፋ ነበር። ዛሬ ከዓባይ ድልድይ እስከ ገበያው ድረስ ባጃጅ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ ጡሩምባው ጆሮ ያደነቁራል። ያኔ በዘንባባው መንገድ የሚሰማው የብስክሌት ደወልና የካሴት ቤቱ ዘፈን ብቻ ነበር። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎዳናው አዙሮ የዓመቱን ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያስለፈልፈዋል። ወደድንም ጠላንም ግጥሙን ሸምድደነው ነበር፤ ያረጋል ሙቀጫ ይዞ ሲወቅጥ ሳያስበው በዚያው ዜማ ነበር የሚወቅጠው። ሐይቁ ዳር ሁለት ሰው ጠግቦ የሚበላው ዓሣ ጥብስ፣ ዛሬ አንድ ማኪያቶ በማይገዛ ገንዘብ ነበር። እኔ ግራጫ ጉርድ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣ እናቴ የሠራችልኝ ሹራብ ነበረኝ፤ ያረጋል ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ቡናማ ኮት ነበረው፤ በሐሩሩም በዝናቡም አያወልቀውም። ኮቱን ያየ ሁሉ ፕሮፌሰር ይለው ነበር፣ ገና ሳይሆን። ኋላ ሆነ።

አባቴ ከደሴ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የገባ መካኒክ ነበር። እኔ ያደግሁት የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ በሚነቃ፣ ሲነፋ በሚመገብ ሰፈር ነው። ያረጋል ግን የካህን ልጅ ነው። ዘጌ ደን ውስጥ፣ ቡናና ጌሾ መካከል፣ የአባቱን ቅዳሴ እየሰማ ያደገ። አባቱን ቄስ ልሳነወርቅ ይሏቸዋል፤ እኛ አባ ነበር የምንላቸው። የሁለታችን አስተዳደግ እንዲህ የተራራቀ ቢሆንም አንዲት ጅራታም ፍጥረት አገናኘችን።

ሥራችን ምን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ ኩሬ ውስጥ ጥቁር፣ ክብ ራስ ያላት፣ ጅራቷን እያወዛወዘች የምትዋኝ ነገር አይታችኋል። የእንቁራሪት እጭ ናት። ያቺ እጭ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዓሣነቷን ትታ የየብስ እንስሳ ትሆናለች። እግር ታበቅላለች፤ ጅራቷ ይጠፋል፤ የኩሬ አረንቻታ ይፈጭ የነበረው ረጅም አንጀቷ አጥሮ ትንኝ የሚፈጭ ይሆናል፤ እንደ ዓሣ በስንጥብ ስትተነፍስ የኖረች በሳንባ ትተነፍሳለች። ይህን ሕፃን ልጅም ያየዋል። እኛ የፈለግነው ከውስጥ ያለውን ነው። ጅራቷም ውስጥ እግሯም ውስጥ ያሉት ጂኖች ያው አንድ ናቸው። ልዩነቱ የትኛው ጂን መቼ እንደሚነቃና መቼ እንደሚተኛ ነው። ከአንገቷ ሥር ካለች ትንሽ እጢ የሚወጣ ሆርሞን በደሟ ይዞራል። ያው ሆርሞን ጅራት ሲደርስ ጅራቱን ከውስጥ የሚበሉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፤ እግር ሲደርስ ደግሞ እግሩን የሚያሳድጉትን። አንድ ትእዛዝ አንዱን ያጠፋል፣ አንዱን ያበቅላል። ይህ ነገር ያኔ ገርሞኝ ዛሬም አልወጣልኝም።

ጂን ሲነቃ መልእክት ይልካል፤ አርኤንኤ ይባላል። እኛ የምንለካው ያን መልእክት ነው። መልእክቱ ደግሞ ስስ ነገር ነው። እጯ ከሞተች በኋላ ትንሽ ከቆየ ይፈርሳል፤ በባዶ እጅ ከተነካ የእጅ ላብ ያጠፋዋል። ስለዚህ በሕይወት ያለችውን እጭ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ባንድ ጊዜ ማድረቅ፣ በሸክላ ሙቀጫ እንደ በርበሬ ማላም፣ ከዱቄቱ መልእክቱን ማውጣት ነው። የኋላ እግሯ ብቅ ያለውን፣ የፊት እግሯ የወጣውን፣ ጅራቷ ማጠር የጀመረውን፣ ሁሉንም በየደረጃው እንዲህ አድርገናል። ሳትሞት የምትጠና እጭ አልነበረችም። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ ያረጋልም ያውቅ ነበር፤ የወቀጠውም ከኔ ይልቅ እሱ ነው።

ናይትሮጅኑን የምናገኘው ላም ከሚያዳቅሉት ሰዎች ነበር፤ የኮርማ ዘር የሚያስቀምጡበት ነውና ሁልጊዜ አይጠፋቸውም። ያረጋል እቃውን ብስክሌቱ ላይ በላስቲክ ጠፍሮ ነጭ ጭስ ከኋላው እየተጎተተ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ ይሸሻል። ሰዎቹ «ዛሬ ደግሞ የማን ጊደር ናት?» እያሉ ይተርቡት ነበር። «የጉርጥ ጊደር» ይላቸዋል። ሳቁን ብታዩት እኮ። እንዲህ ያለ ሳቅ ያለው ሰው ውሸት ያለበት አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ እጮቹን የምንሰበስበው ከከተማው ቦይ ነበር። አልሆነም። የልብስ ሳሙናው፣ የጋራዥ ዘይቱ ገብቶበት አንዷ ያለጊዜዋ ታድጋለች፣ ሌላዋ ከነጅራቷ ታረጃለች፤ ልኬቱ ሁሉ ተደበላለቀብን። ያን ጊዜ ያረጋል «ከአባ ቤት በታች ደኑ ውስጥ ንጹሕ ኩሬ አለ፤ መርዝም ሳሙናም አያውቀውም» አለ። ደኑ የቤተ ክርስቲያን ነው። ቅጠል አይቆረጥበትም፣ ነፍስ አይጠፋበትም፤ ውግዘት አለበት። እኔ የፋብሪካ ልጅ ይህን በደምብ አላውቅም ነበር። ከአባ ጋር የተነጋገረው ያረጋል ነው። እኔን ኩሬው አጠገብ ትቶ ቤት ገባና ተመልሶ ወጣ። «ፈቅደዋል፣ መርቀውናልም» አለኝ። በቃ። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅ? አባቱ ናቸው፣ እሱ ልጃቸው ነው።

ያን ዓመት አባቴ ሞተብኝ። የንስሐ አባታችንም አርጅተው ከመኖሪያቸው መውጣት ያቆሙበት ጊዜ ነበር። አባ ልሳነወርቅ ጀልባ ተሳፍረው ለለቅሶ መጡ፤ እናቴ አጠገብ መደብ ላይ ቁጭ ብለው ከሷ ጋር አለቀሱ። ካህን እንደ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጥቂት ቆይቼ የንስሐ ልጅዎ ያድርጉኝ አልኋቸው፤ እሺ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጠበል የሚረጩት፣ ስቸገር የምሄድባቸው፣ ስሳሳት የሚቆጡኝ እሳቸው ሆኑ። እግዚአብሔር ይፍታሽ ሲሉኝ እጃቸው ራሴ ላይ ቀላል ነበር። አባት የሞተበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ባገኙኝ ቁጥር «ልጆቻችን እንዴት ናቸው? አደጉ?» ይሉኛል፤ እጮቹን ማለታቸው ነው። «እያደጉ ነው አባ፣ እግር አወጡ» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ሳንነካ የምናሳድጋቸውም ነበሩን፣ ጊዜውን ለማወቅ። አባ ደስ ይላቸዋል። እግዚአብሔር ጅራቱን ወስዶ እግር ይሰጣል እያሉ ለደብተራዎቹ ሳይቀር ያወሩላቸው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አባ ለዓይናቸው ሕክምና ከተማ መጡና ሳይነግሩን ቤተ ሙከራችን ድረስ ወጡ። በትራቸውን እየመቱ፣ ዣንጥላቸውን ብብታቸው አድርገው። እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም፤ ወንበር አቀረብሁላቸው፣ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ያረጋል ጥግ ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል። አባ ዙሪያውን አዩና «እንግዲህ ልጆቼን አሳዩኝ» አሉ።

እኔ ሞኝ ማቀዝቀዣውን ከፈትሁት። ስም የተጻፈባቸውን ትንንሽ ብልቃጦች አውጥቼ «እነዚህ ናቸው አባ። ይቺ የኋላ እግሯ ሲወጣ የተወሰደች ናት፣ ይቺ ደግሞ ጅራቷ ሲያጥር» አልኋቸው። ደብተር እንደሚያሳይ ተማሪ ኮርቼ ነበር።

«የተወሰደች ስትይ?»

«ናይትሮጅን ውስጥ ደርቃ፣ ተወቅጣ።»

አባ እኔን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በሕይወት የወጣ በሕይወት ይመለሳል ብዬ አልነበር የሰጠኋችሁ? ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ በመስቀሌ አይደል ያስፈቀድሁት? አይተን እንመልሳለን አላልኸኝም?»

እኔ ይህን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያረጋልን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። መነጽሩን አደረገና እንዲህ አለ፦ «ሥራው የእሷ ነው አባ። እኔ ከኩሬው አምጥቼ አስረክባታለሁ። እንደምትመልሳቸው ነበር የማውቀው።»

ሰዎች ለምን አልተናገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ልጅዎ ዋሽቷል ብዬ አባትን በልጁ ፊት እንዴት ላዋርድ? ያውም የንስሐ አባቴን። ባደግሁበት ቤት እንዲህ አይደረግም። ደግሞ ያረጋል ነው፤ አሁን ፈርቶ ነው፣ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ይነግራቸዋል ብዬ አሰብሁ። አባ ብልቃጦቹን እያዩ ቆዩና «ልጄ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸውን አልተዉም፤ «ልጆቻችን እንዴት ናቸው ስልሽ እግር አወጡ ትይኝ ነበር። ከንግዲህ ሌላ አባት ፈልጊ።» በትራቸውን አንሥተው ወጡ። መስቀል አላሳለሙኝም።

ያረጋል ሸኝቷቸው ሲመለስ ላቡ ኮቱ ላይ ወጥቶ ነበር። «ትንሽ ይብረዱ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለኝ። «አሁን ብናገር ቤታቸው አያስገቡኝም። እባክሽ ፈለቁ፣ ለጊዜው ዝም በዪልኝ።» እሺ አልሁት። ጓደኛዬ ነው፣ ፈርቷል፣ ይነግራቸዋል።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ በልግ መጣ፣ ሌላ ክረምት መጣ። ነገርሃቸው? ስለው ጊዜ እየጠበቅሁ ነው ይለኛል። አንድ ጊዜ ራሴ ልነግራቸው ብዬ ፍልሰታ ላይ ጀልባ ተሳፍሬ ሄድሁ። አባ ሱባዔ ገብተዋል፣ ሰው አያነጋግሩም አሉኝ። በመጣሁበት ጀልባ ተመለስሁ፤ በሩ የተዘጋው ለኔ መሰለኝ። ሌላ ካህን ስጠይቅ መጀመሪያ ከቀድሞው አባትሽ ታርቀሽ ነይ ይሉኛል። ስለዚህ አልቆረብሁም። ቅዳሴው ተቀድሶ ሰው ሊቆርብ ሲቀርብ እኔ በር ላይ ነጠላዬን ተከናንቤ እቆማለሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለምን እንደሆነ አልነገርኋትም። ሆድ ይፍጀው አልሁ፤ ሆዴም ፈጀው።

ያረጋል ውጤታችንን ይዞ ውጭ አገር ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም መጣ። ስሜ ከስሙ ቀጥሎ ታትሟል፤ በዚያ አልከፋኝም። ኋላ መጠየቁንም ተውሁት። ይቅር ብዬው ነበር፤ ይህን ሰው ይወቅልኝ። የሰው ልጅ አባቱን ይፈራል፣ ፈሪ ደግሞ ክፉ አይደለም ብዬ ይቅር ብዬው ነበር። በዓል ሲመጣ ይመጣል። እናቴ ስትሞት አልጋዋን የተሸከመው እሱ ነው። ቤቴ ውስጥ የራሱ ወንበር አለው፤ መስኮቱ ሥር ያለው፣ መደገፊያው የላላው።

አሁን ወደ ባንቺአየሁ ልመለስ። ጌሾው መካከላችን ተቀምጧል። «አባ መቼ ነው የላኩት? ቀኑን ንገሪኝ» አልኋት።

«ሊሞቱ ሰሞን ነዋ። የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ። ጧት ያረጋልን ጠሩና ‹ፈለቀችን አምጣልኝ› አሉት። ‹ከሆሳዕና በፊት ትምጣ። ሕማማት ከገባ መፍታት አልችልም፤ ሕማማትን ደግሞ አልወጣውም። ያቺን ልጅ ሳልፈታት መሄድ አልፈልግም› አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ።»

እንደምታውቁት በሰሙነ ሕማማት ካህን እግዚአብሔር ይፍታሽ አይልም፤ መስቀልም አያሳልምም። አባ ቀኑን አስልተው ነው የላኩት። የቀረቻቸው ያቺ ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ያቺን ቅዳሜ አስታወስኋት። እንዴት እንዳስታወስኋት ልንገራችሁ፤ ያረጋል ያን ቀን ቤቴ መጥቶ ነበር። እውነት ነው፣ መጥቶ ነበር። በጧት ጀልባ ነው የመጣሁት፣ አባ ደክመዋል አለኝ። ልምጣና ልያቸው? አልሁት፤ ሰው እንዲያያቸው አይፈልጉም አለኝ። እዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጾም ነውና የሱፍ ፍትፍት አቀረብሁለት፤ ጣፈጠኝ ብሎ አስጨመረ። ለማግስቱ ከገዛሁት ዘንባባ ላይ አንድ ቅጠል ሰንጥቆ፣ እያወራ፣ ቀለበት ሠራልኝ። ጣቴ ላይ ራሱ አጠለቀልኝ፣ ሰፋ ሲለኝ አጠበበው። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ጡረታ አወራን። ከቀትር በኋላ ጀልባው እንዳያመልጠኝ ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ቆም አለ፤ የሚለው ያለ መስሎኝ ጠበቅሁት። «በይ ደኅና ሁኚ» አለኝና ሄደ።

«ሲመለስ ምን አላቸው?» አልኋት።

ባንቺአየሁ አሁን ገብቷት ድምፅዋ ወረደ። «አባ ሐይቁ የሚታይበትን መስኮት አስከፍተው ሲጠብቁ ዋሉ። ጀልባ በመጣ ቁጥር ‹እሷ ናት?› ይሉኛል። ዓይናቸው አያይም እኮ፤ የሞተሩን ድምፅ ነው የሚሰሙት። ያረጋል ብቻውን ገባ። ‹እምቢ አለች አባ› አላቸው። ‹ያን ጊዜ ያሉኝ ይበቃኛል አለች› አላቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹እኔ ነኝ ያስመረርኋት፤ ልጅ ነበረች፣ እንደዚያ ልላት አይገባም ነበር› አሉ። መስኮቱን ዝጊው አሉኝ። ረቡዕ ዐረፉ።»

እኔ ለቅሷቸው ላይ ነበርሁ። ሰው ኋላ ቆሜ አልቅሻለሁ። ዘመዶቻቸው ለምን ፊታቸውን እንዳዞሩብኝ ያኔ አልገባኝም፤ የእንቁራሪቱ ነገር መሰለኝ። ያረጋል መጥቶ አቅፎኝ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ እዚያ የአባቱ ሬሳ ፊት፣ «አይዞሽ ፈለቁ» ብሎ አቅፎኝ ነበር። እምቢ አለች ብሎ በነገራቸው አፉ።

ለባንቺአየሁ ሁሉንም ነገርኋት። ቃል የገባው እሱ እንደ ነበር፣ የወቀጠውም እሱ እንደ ነበር፣ ቅዳሜ ዕለት እዚያ ወንበር ላይ ፍትፍት አስጨምሮ እንደ በላ፣ የአባን መልእክት ጭራሽ እንዳላነሣ። ለምን እንዳደረገው ሳልናገር ገባት፤ ለሁለታችንም ገባን። ብሄድ እነግራቸው ነበራ። እኔን ሲፈቱ እውነቱ ይወጣ ነበራ። የመጀመሪያው ውሸት የፈሪ ውሸት ነው፤ ይቅር ብየዋለሁ ብያለሁ። ይህኛው ግን ጀልባ ተሳፍሮ፣ ሐይቅ ተሻግሮ፣ ምሳ በልቶ፣ ቀለበት ሠርቶ፣ ተመልሶ የተናገረው ነው። ለመተው ቀን ሙሉ ጊዜ ነበረው። ወጪት ሰባሪ ይሉታል ሰዎች እንዲህ ያለውን፤ ለኔ ያም ያንሰዋል። እኔ ተክጄ መኖሬ ይሁን። እሳቸው ግን ፍትሐት አልፈልግም ያለች ልጅ አለችኝ ብለው ሞቱ፤ በራሳቸው ፈርደው ሞቱ። ይህ ነው አንጀቴን የሚበላው።

ባንቺአየሁ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። ወንድሟ ነው፣ ምን ታድርግ። «እንግዲህ ለዚህ ነው የሚጠራሽ» አለች። «ሳይነግርሽ መናዘዝ ፈርቶ ነው። ይቅር ካላልሽው ቄሱን አያስቀርብም፤ ቄሱን ካላስቀረበ ደግሞ እንዲሁ ነው የሚሄድ። ደክሟል እትዬ። ጀልባ በመጣ ቁጥር እሷ ናት? ይለኛል።»

ይህን ስትል ደጅ ቦዩ ውስጥ እንቁራሪቶቹ መጮህ ጀምረው ነበር፤ ሰሞኑን ዝናቡ ገብቷል፣ ቦዩ ሞልቷል። ወንበሩን አየሁት። እጄን አየሁት። ያ የዘንባባ ቀለበት ደርቆ እስኪሰበር ድረስ ጣቴ ላይ ቆይቶ ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላ ነው የጣልሁት። ልሂድ ብዬም አሰብሁ፣ አልዋሽም። ነጠላዬ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፣ የከሰዓቱ ጀልባ ገና አልወጣም፣ ጉልበቴም ያን ያህል አላመመኝም ነበር። አባ ቢኖሩ ሂጂ ይሉኝ እንደ ነበርም አውቃለሁ። አባ ግን የሉም፤ መስኮቱን አዘግተው ሄደዋል።

ባንቺአየሁ ተነሥታ ጥላዋን ያዘች። «ምን ልበለው?» አለችኝ።

«እምቢ አለች በዪው» አልኋት። «ቃሉን እሱ ያውቀዋል።»